ባለመኪናውን ከልብ ወለድዎ ያውጡት

ጥያቄ፦ «መምህርት ነኝ፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባ ስለምትኖር የ15 ዓመት ልጅና ስለ ወላጆቿ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ አንድ የማታውቀው ባለመኪና ይቀርባታል። በስጦታ ያታልላታል፣ ይደፍራታል፣ ፎቶዋን ይዞ ያስፈራራታል። አባቷ ሲሰማ ይደበድባታል። ከቤት ጠፍታ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ትሰደዳለች፤ መጨረሻ ላይ ባሕር ይበላታል። ረቂቁን ያነበቡልኝ ወዳጆቼ ‹ያሳዝናል፣ ግን አልተዋጠልንም› አሉኝ። እኔ ወላጆች አንብበው እንዲነቁበት ነው የምፈልገው። በሥራዎ እንዲህ ያሉ ልጆችና ወላጆች ይገጥሙዎታልና፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

ምላሽ፦

ወዳጆችዎ እውነት ብለዋል። የዘረዘሩት ነገር ሁሉ በአገራችን የሚሆን ነው፤ አንዱንም ከሜዳ አላመጡትም። ያልተዋጠላቸው ሌላ ነው። በእርስዎ ታሪክ አደጋው ከውጭ ብቻ ነው የሚመጣው። ወላጆቹ ደግሞ ነገሩ ካለቀ በኋላ ደርሰው ይጮኻሉ። ይህን ያነበበች እናት ምን ትላለች መሰለዎት? «የኔ ልጅ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ አትገባም» ትልና ተመስገን ብላ ትተኛለች። እርስዎ የፈለጉት ግን እንድትነቃ ነበር።

ስለ ድርሰት አጻጻፍ ምንም አልልም። ሙያዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው፤ ከአፍላ ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የታየኝን ልንገርዎ።

ከባለመኪናው እንጀምር። ያውጡት። ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና አቁሞ የሚጠብቅ የለም አልልዎትም፤ አለ። ነገር ግን በሥራዬ የማየው፣ በየአገሩም ሲጠና የሚገኘው፣ ልጅን የሚጎዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እሷም ቤተሰቧም የሚያውቁት መሆኑ ነው። የአክስት ባል። የጎረቤት ልጅ። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሾፌር። አባትየው «እንደ ወንድሜ ነው» የሚለው የሥራ ባልደረባ። ሲገባ የግቢው ውሻ እንኳ የማይጮህበት ሰው።

እኔ ብሆን አስጠኚ አደርገው ነበር። (አስጠኚዎች እንዳትቀየሙኝ። አብዛኞቻችሁ በዚያች ክፍያ የሰው ልጅ ለማትሪክ የምታበቁ ናችሁ።) የ24 ዓመት ወጣት ነው እንበል፤ ሂሳብና ፊዚክስ ያስጠናል፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። እናትየው ሻይ በአምባሻ ታቀርብለታለች። «እንደ ታናሽ እህትህ እያት። ስታጠፋ ቆንጠጥ አድርግልኝ፤ እኔንማ አትሰማኝም» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ንግግር በየቤቱ አለ፤ ክፋትም የለበትም። ግን እናት ሥልጣኗን በገዛ አፏ አስረከበች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ እሱ ሲቆነጥጣት ለማን ትናገራለች?

ደግሞ አያስቸኩሉት። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያባብለው ልጅቷን አይደለም፤ ቤተሰቡን ነው። ሰዓት ያከብራል። ዲሹ ሲበላሽ ጣሪያ ላይ ይወጣል። አያትየው መድኃኒት ሲያልቅባቸው ገዝቶ ይመጣል። ቤቱ ሁሉ «ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው!» ካለ በኋላ፣ ልጅቷ አንድ ቀን አፍ አውጥታ ብትናገር እንኳ ማን ያምናታል? ይህን ሥራ ሳይቸኩል ወራት ይወስድበታል። እርስዎም ገጽ ይስጡት።

ስጦታውም አይፎን አይሁን። አይፎን እናት ታየዋለች፤ «ከየት አመጣሽው?» ትላለች። ስጦታው ፓኬጅ ነው። ውጤቷ ስለወረደ አባቷ ዋይፋዩን አጥፍቶባታል፤ አስጠኚው በቴሌብር ይሞላላታል። ዋጋው ኢምንት ነው። ቦርሳዋ ቢፈተሽ አይገኝም። በሳምንቱ ያልቃል፤ ስላለቀም እንደገና ይጠየቃል። አባትየው ለመቅጣት ብሎ የከፈተው ቀዳዳ በማን እንደተሞላ አንባቢው ይየው፤ እርስዎ ምንም አይጨምሩበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ትዕይንት አለ። እሱን ካልጻፉት ሌላውን ባይጽፉት ይሻላል፤ የመጀመሪያዋ ምስጢር። ልጅቷ በፊዚክስ ፈተና ከ20 አምስት አምጥታለች። ወረቀቱን ወላጅ አስፈርማ መመለስ አለባት። እየፈራች ለአስጠኚው ታሳየዋለች። «ችግር የለም። ለአባትሽ አልነግርም፤ እኔ እፈርምልሻለሁ» ይላታል። ደግ ሰው! እዚያው ላይ ከአባቷ ይልቅ የሚቀርባት ሰው አገኘች። እዚያው ላይ ደግሞ ዕዳ ገባች። ወራት አልፈው እጁን ያለቦታው ሲያሳርፍና ስትሸሸው፣ «እኔ ያንቺን ደብቄልሽ የለ?» ቢላት ይበቃዋል። ቢላዋ መምዘዝ አያስፈልገውም። ልጆች በመጨረሻ አፋቸውን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህችው ጥፋታቸው ነው። «እኔም እኮ ጥፋተኛ ነኝ፤ ወረቀቱን ደብቄያለሁ» ይላሉ። የተደረገባቸው በደል ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥቃቱን ሲጽፉ ዝርዝር አያስፈልግዎትም። አንድ ጥያቄ ግን ከአንባቢ መምጣቱ አይቀርም፦ «ለምን አልጮኸችም? እናቷ ጓዳ ነበረች እኮ!» መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይኑር። ሰውነት ሲደነግጥ ከመታገልና ከመሮጥ ሌላ ሦስተኛ ነገር ያደርጋል፤ ይደርቃል። ድምፅ አይወጣም፤ እጅ አይታዘዝም። እንኳን ልጅ ትልቅ ሰውም ይሆናል። እሷ ግን ይህን አታውቅም። «ዝም ያልኩት ፈልጌ ነው ማለት ነው?» እያለች ራሷን ትከሳለች። አጥፊውም ይህንኑ ይደጋግምላታል።

ሕጉ እንኳ ይህን አይልም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸምን ያለ ኃይልም ቢሆን ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ኃይል ካለበት ወደ አንቀጽ 620 ይሄዳል፤ ለዚህ ዕድሜ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። «ፈቅዳ ነው» የሚለው አነጋገር ለአስጠኚው መውጫ አይሆነውም። ልጅቷ ይህን ከማን ትሰማ? እኔን ከጠየቁኝ ከሲቪክስ አስተማሪዋ፤ ስለ ሌላ ነገር ሲያስተምር በመሃል ጣል ያደርገዋል፣ እሷም ማስታወሻ መጻፏን ታቆማለች።

የፎቶውን ጉዳይ አይሰርዙት። ግን መንገዱን ትንሽ ቢያጠማዝዙት ይበልጥ እውነት ይሆናል። ፎቶውን የላከችው ለክፍሏ ልጅ ነው፤ ለወደደችው። ልጁ ለጓደኛው አሳየ፤ ጓደኛው ስክሪንሾት አደረገ፤ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። አስጠኚው ጋ የደረሰው ከዚያ ነው። ያን ጊዜ አንባቢው ሁለት ዓይነት ጥፋት ጎን ለጎን ያያል፤ የ16 ዓመት የክፍሏ ልጅ ሞኝነትና የትልቅ ሰው ክፋት። ወንድ ልጅ ያላቸው ወላጆችም መጽሐፉን «የሴት ልጅ ነገር ነው» ብለው አያስቀምጡትም።

እዚህ ላይ በታሪኩ ውስጥ አንድ ነቄ ሰው ያስፈልግዎታል። የአክስቷ ልጅ ትሁን። «መልእክቱን አታጥፊው፤ ገንዘብ ቢጠይቅሽም አትክፈዪው፤ ስሙና ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት ያዢ» የምትላት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958፣ በምስል ማስፈራራትንም የልጆችን የወሲብ ምስል ማሰራጨትንም ይቀጣል። ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ። ከ18 ዓመት በታች ሳለች የተነሣ የወሲብ ምስል ሲሆን፣ ምስሉን ራሱን ለማንም ሳትልክ የምስሉን ዲጂታል አሻራ ብቻ ይወስዳል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሰሉ መድረኮች በዚያ አሻራ ለይተው ያነሡታል። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። ስልኩን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ማስረጃውን የሚሰባብር አባት ግን በየሰፈሩ አለ።

አሁን ወደ ወላጆቹ። ረቂቅዎ የታመመው እዚህ ነው። ስለ እናትየው አንድም ነገር አልነገሩኝም፤ አባትየው ደግሞ ቡጢ ብቻ ነው።

አንዲት እናትና ልጅ ቢሮዬ ተቀምጠዋል (ማንነታቸው እንዳይለይ ነገሩን ቀያይሬዋለሁ)። እናት ነጠላዋን እያጠፈች ትዘረጋዋለች። «ምን አጎደልኩባት? የለበሰችውን ይዩ። የምትማርበትን ይጠይቁ። ለኔ ለእናቷ እንዴት አትነግረኝም?» ልጅ የሹራቧን እጅጌ ጫፍ በጣቶቿ ጨብጣ ወለሉን ታያለች። ለምን እንዳልነገረቻት ጠየቅኳት። ቀና ሳትል «ግፊት አለባታ» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ የምትሰማው ይህ ነው፤ እናትሽን አታናጂያት፣ ደሟ ይነሣል። ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን የተሸከመችው እናቷን እንዳትገድል ብላ ነበር። እናትየው ግራ ገብቷት ዞር አለችና፣ «መድኃኒቴን እኮ እወስዳለሁ» አለቻት።

እናትየው እንዲህ ትሁን። የማትወድ፣ የማትከታተል እናት አያድርጓት፤ እሷንማ ማንም አንባቢ «እኔ ነኝ» አይልም። ቤቱን በሙሉ ልጇን ለመጠበቅ አጥራ፣ ልጇ ወደ እሷ የምትመጣበትን በር ሳታውቀው የዘጋች ትሁን።

ልጅቷ ደግሞ ጭራሽ ዝም አትበል። ልጆች ብዙ ጊዜ ይሞክራሉ። ሙከራቸው ግን በራሳቸው ስም አይደለም። እናት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። «እማዬ፣ አንዲት ጓደኛዬ አለች፤ ዘመዷ ምናምን አድርጓት...» እናት ቀና ሳትል፦ «እሷም ናት! ምን ፈልጋ ብቻዋን አብራው ሆነች? እንዲህ ያለችዋን ደግሞ ጓደኛ ብለሽ ይዘሽ!» አለቀ። ልጅቷ «እሺ» ብላ ሽንኩርቱን ታነሣሣለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር ሁሉ አንባቢ የሚሸከመው ይህችን ግማሽ ገጽ እያስታወሰ ነው። አንባቢዋ እናት ራሷ እንዲህ ብላ የምታውቅበትን ቀን ትፈልጋለች። እኔ በበኩሌ ከባሕሩ ሞት ይልቅ ይህች ግማሽ ገጽ ወላጅ ታነቃለች ባይ ነኝ።

አባትየው ይደብድባት፤ አይደበድብም ብል ውሸት ይሆናል። ግን ሰው ያድርጉት። የአስጠኚውን ክፍያ ለማሟላት ሜትር ታክሲውን እስከ እኩለ ሌሊት የሚነዳ ይሁን። የሚመታት ስለጠላት አይደለም። «ለወንድሞቼ ምን እላለሁ?» ብሎ ነው፤ ራሱን መምታት ስላልቻለም ነው። ከምቱ በኋላ ያለውን ሰዓት ይጻፉት። ሰው ከመታ በኋላ ምን ያደርጋል? መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሣ ይቀመጣል?

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። ልብ ወለድዎ ውስጥ ትልቁ ትዕይንት ይህ መሆን ያለበት ይመስለኛል። በረቂቅዎ ስለሌለ ገርሞኛል፤ መምህርት ሆነው ይህን ሳያዩ አይቀሩም። የአስጠኚው ቤተሰብ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሰፈር የሚያከብራቸው፣ ለቀብርም ለሠርግም የሚቀድሙ ሰዎች ናቸው። «ሰይጣን ነው መሃል የገባው» ይላሉ። «የልጅቱ ስም እንዳይጠፋ። ትንሽ ትደግና ያገባታል፤ እስከዚያ ደግሞ ለትምህርቷ ይህን ያህል...» እናት ጓዳ ሆና ትሰማለች። ቡና ተፈልቷል። ልጅቷን ማንም አልጠራትም።

ሽማግሌዎቹን ክፉ አያድርጓቸው። እነሱ ያደጉት በሌላ ሕግ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘመን ጠላፊ የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር። የአሁኑ ሕግ ጋብቻ ጠላፊን ከተጠያቂነት አያድንም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። የጋብቻ ዕድሜም በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ 18 ነው። አስገድዶ መድፈርም በተበዳይ አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ክስ አይደለም፤ አባት «ታርቄያለሁ» ስላለ ፋይሉ አይዘጋም። ይህ በወረቀት ነው። በተግባር ምን ይሆናል? ምስክር የምትሆነዋ ልጅ «ትንሽ ትረፍ» ተብላ ክፍለ አገር አክስቷ ጋ ትላካለች። መጥሪያ ሲመጣ የለችም። ፋይሉም እዚያው አቧራ ይጠጣል። አባትየው ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጦ የሚወስነው ይህንን ነው። ወንድሞቹ ያዩታል፤ ጎረቤት ጆሮውን ጥሏል። እምቢ ካለ ሰፈሩን ያጣል። እሺ ካለ ልጁን። እርስዎ ባሕር ላይ የፈለጉትን ጭንቅ እዚህ ሳሎን ውስጥ ያገኙታል።

ሐኪም ቤቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ግን እንዳይሳሳቱበት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሲቸኩል ይሻላል። ልብሷ አይታጠብ፤ ከፌስታል ይልቅ በወረቀት ከረጢት ይያዝ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ልጅቷ በየቢሮው እየዞረች ታሪኳን አሥር ጊዜ እንዳትደግም ተብሎ የተቋቋመ ነው። እርግዝና ቢኖር፣ በአስገድዶ መድፈር የተፀነሰን ማቋረጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ይፈቅዳል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ የእሷን ቃል በቂ ማስረጃ ያደርገዋል። ወላጆቹ በእምነታቸው ምክንያት እዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፤ እኔ ገብቼ አልፈርድበትም።

ስደቱን ግን ይቁረጡት። ስደት ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም። ሌላ ልብ ወለድ ስለሆነ ነው። በጅቡቲዋ ኦቦክ ወደብ አድርጎ የመንን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ የሚሄደው መንገድ የራሱ ሰዎች አሉት። ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ገጠርና ትንንሽ ከተሞች የሚነሡ ናቸው። ደላላው የአገር ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ወላጅ ያውቃል፤ በሬ የሸጠም፣ የተበደረም አለ። ልጅቷ የምትሄደው ቤት ልትሠራ፣ ታናናሾቿን ልታስተምር ነው። በአውሮፕላን ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደዋም ሌላ ናት። ሕጉ 18 ዓመት ስለሚል የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ዕድሜዋ ይጨመርላታል። የአዲስ አበባዋ የእርስዎ ልጅ በንዴት ተነሥታ በምን ገንዘብና በማን መሪነት በረሃ ትገባለች? ወዳጆችዎ «አልተዋጠልንም» ያሉት በዋናነት እዚህ ይመስለኛል። እሷ ብትጠፋ የምትጠፋው ሁለት ታክሲ ይዛ ነው፤ ጓደኛዋ ቤት፣ ወይም ያው አስጠኚው የተከራየላት ክፍል። የስደቷን ልጅ ታሪክ ያስቀምጡት። እሷም ሙሉ መጽሐፍ ይገባታል።

ሞቱንስ? እኔ አልስማማበትም። ይህን መጽሐፍ ከሚያነቡት መካከል እንዲህ የሆነባትና ለማንም ያልተናገረች ልጅ መኖሯ አይቀርም። ዋናዋ ልጅ ስትሞት የምታነበው «እንዲህ ከሆነብሽ በኋላ ኑሮ የለም» የሚል ፍርድ ነው። እውነትም አይደለም። የማውቃቸው ልጆች ሰኞ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል፤ ሰው በድንገት ከኋላ ሲነካቸው ይዘላሉ። አንዷ ውጤቷ ይወርዳል፤ ሌላዋ ደግሞ ከክፍል አንደኛ ትወጣለች፣ ማንም እንዳይጠረጥራት። ከእናታቸው ጋር ስለ ቀሚስ ርዝመት ይጣላሉ። የኬሚስትሪ ፈተና አለባቸው። ደህና የሚሆኑት ደግሞ ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ያመናቸው ጊዜ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ለውጥ ሲያመጣ አይቻለሁ። የመጨረሻ ምዕራፍዎ አባትና ልጅ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ቀጠሮ ለሌላ ጊዜ ሲዛወር ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ መዛወሩ አገርኛ ነው፤ ማንም አያስተባብለውም።

ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ረቂቁን ለወዳጆችዎ ብቻ አያስነብቡ። ወላጆቻቸው ከፈቀዱ፣ ለጥቂት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የሽንኩርቷን ትዕይንት ያንብቡላቸው። «እሷን ብትሆኑ ከዚህ በኋላ ለማን ትናገሩ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ሳይከራከሩ ይጻፉት። ከመካከላቸው አንዷ «ጓደኛዬ...» ብላ ብትጀምር ደግሞ ረቂቁን አጥፈው ይስሟት።

መጽሐፉ ሲታተም በጀርባው እርዳታ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ስልክ ማውጣት ይፈልጉ ይሆናል። ጥሩ ነው። ግን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ራስዎ ይደውሉበት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም ይደውሉ። የማይነሣ ስልክ አያሳትሙ።